ሳይክልን በመኪና ስለመጫን፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት «ሳይክል በመኪና ስለመጫን የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ነጋዴ አይደለሁም፤ መጫኛም አልሸጥም። ቅዳሜና እሁድ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ቢሾፍቱ ድረስ በመኪና ወጥቼ ሳይክል የምነዳ ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት አንድ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ፣ የአንድ መኪና ቀለምና አንድ የግቢ በር አበላሽቻለሁ። የማውቀውን ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቪትዝ ናት። የምጭነው አንድ ሳይክል ብቻ ነው። የትኛውን መጫኛ ልግዛ?

ምንም አትግዛ። እውነቴን ነው። የቪትዝ የኋላ ወንበር ይታጠፋል። የሳይክሉን የፊት ጎማ ፍታና መሪውን አዙረህ በኋላ በር አስገባው። አልገባ ካለህ የሳይክሉን መቀመጫ እስከ ታች አውርደው። ትልቁ የተራራ ሳይክል እንኳ ትንሽ ከታገልከው ይገባል።

ሦስት ነገር ብቻ ልብ በል። አንደኛ፣ ካቴና ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ወደ ታች ካስተኛኸው ክብደቱ በሙሉ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያርፋል፤ ይጣመማል። የእኔ የሄደው እንደዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሬንህ የዲስክ ከሆነ፣ ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬኑን እጀታ አትጫነው። በተለይ በዘይት የሚሠራው ከሆነ ዲስኩን የሚጨብጡት ፓዶች ተጠግተው ይቀራሉ፤ ሱሉልታ ደርሰህ ጎማው አልገባም ይልሃል። ካርቶን አጥፈህ በፓዶቹ መሀል ሰካበት። ሦስተኛ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ያዝ። የካቴና ቅባት ከወንበር ልብስ ላይ አይለቅም፤ ከባለቤትህ ጋር የሚያጣላህም እሱ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን መኪናው የቱ ጋ ክብደት እንደሚችል ነው። ቀጥሎ የሳይክሉ ዓይነት። ዋጋ ሦስተኛ ነው። ከታች የምመልሰውን ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡት።

ጥያቄ፦ ኮሮላ አለኝ፤ ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምወጣው። ከኋላ በቀበቶ የሚታሰረው መጫኛ ረከስ ብሎ አገኘሁት። ሦስት ሳይክል ይችላል ብሎኛል ሻጩ።

ይችላል ያለሽ መጫኛው ነው። ኮሮላዋን ማን ጠየቃት?

ይህ ዓይነቱ መጫኛ ከኋላ ኮፈንና ከፓራውልት ላይ ተደግፎ በቀበቶ የሚወጠር ነው። የቀበቶዎቹ ጫፍ ላይ ያሉት መንጠቆዎች የኮፈኑን ጠርዝ ይይዛሉ። ለሁለት ቀላል ሳይክል ጥሩ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ከመኪናው ይርቃል፤ በራቀ ቁጥር ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ስትገቢ ቀበቶውን የሚጎትተው ኃይል ይብሳል። የእኛን መንገድ ታውቂዋለሽ። ሁለቱን ከኋላ አድርጊ፤ የትንሹን ልጅ ሳይክል ጎማውን ፈትተሽ ውስጥ አስገቢው።

ከመግዛትሽ በፊት የኋላ ኮፈኑን ጠርዝ በእጅሽ ዳብሺው። መንጠቆው የሚይዘው ብረት መሆን አለበት። ፕላስቲክ ስፖይለር ከሆነ ይሰነጠቃል። የኋላ በራቸው ጫፍ ድረስ መስታወት የሆነ መኪኖችም አሉ፤ ለእነሱ ለብቻው የሚሠራ ሰፊ መንጠቆ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። አንድ እሁድ ጠዋት ተቻኩዬ መጫኛውን አቧራ የጠጣ መኪና ላይ አሰርኩት። የጓደኛዬ መኪና ነበረች። የመጫኛው እግር ስፖንጅ ስለነበረ ምንም አይነካትም ብዬ ነው። ቢሾፍቱ ደርሼ ሳነሳው ከስፖንጁ ሥር ሁለት የሳህን ያህል ክብ ተፍቆ አገኘሁት። ለካ ስፖንጅና አቧራ ሲገናኙ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናሉ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «ማህተምህ» ይላታል። እና እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ የእግሩን ስፖንጅም እንደዚሁ።

ቀበቶው አዲስ ሲሆን ይለጠጣል። ከቤት ከወጣሽ በኋላ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ቁሚና እንደገና ወጥሪው። ትርፉን ጫፍ ቋጥሪው፤ አለበለዚያ መንገዱን ሙሉ መኪናውን ሲገርፍ ይውላል። የታችኛው ሳይክል ጎማ ከማርሚታው ጭስ ፊት ለፊት እንዳይሆንም እይ፤ ትኩሱ ጎማ ያቀልጣል።

ጥያቄ፦ ራቭ ፎር ላይ ፖርቶመጋላ አለኝ። ጣሪያው ላይ መጫን አይሻልም?

ለመኪናው ይሻላል። የኋላው በር እንደልብ ይከፈታል፤ ታርጋና መብራት አይሸፈንም፤ ከኋላ የሚገጭህም ሳይክልህን አያገኘውም። ለወገብህና ለነዳጅህ ግን አይሻልም።

መጀመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ ክፈትና ጣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚችል እይ። ብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከ50 እስከ 75 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ልብ በል፣ ጣሪያው ላይ የሚጋደሙት ብረቶችና የመጫኛው ክብደትም እዚያው ውስጥ ነው የሚቆጠረው።

የጣሪያ መጫኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፊት ጎማ ወጥቶ፣ ጎማውን የሚይዘው ሹካ (ፎርኩ) የሚታሰርበት ነው። ዝቅ ያለና የማይነቃነቅ ነው፤ ግን የፎርክህን አክስል፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ መጠን ማወቅ አለብህ። የድሮው ቀጭኑ ዘንግና የአሁኑ 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ወፍራም አክስል አንድ ማሰሪያ ላይ አይገቡም። ሌላው ሳይክሉ ሙሉ እንደሆነ ቆሞ ፍሬሙ በክንድ የሚያዝበት ነው። ፍሬምህ ካርቦን ከሆነ ይህን ተወው። ካርቦን ሲነዳ የማይበገር ነው፤ ከጎን ሲጨመቅ ግን ይሰነጠቃል። ጎማውን ብቻ የሚይዝ ዓይነት ፈልግ።

እና ቁመቱ! መኪናህ አንድ ሜትር ተኩል ናት እንበል፤ ቆሞ የሚጫን ሳይክል ከመጫኛው ጋር ሌላ አንድ ሜትር ከምናምን ይጨምራል። ሁለት ሜትር ተኩል አለፍክ ማለት ነው። የሕንፃዎቹ የምድር ቤት ፓርኪንግ ሁለት ሜትር ምናምን ነው። እኔን ያገኘኝ ግን ሕንፃ አይደለም፤ የገዛ ቤቴ ነው። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ ገባሁ። የበሩ የላይኛው ብረት የሳይክሉን መሪ ያዘው። ድምፁን ሰምቼ ፍሬን ስይዝ በሩ ከማጠፊያው ወጥቶ ዘምሟል። ሳይክሉ ተረፈ፤ በሩን ለማቃናት በያጅ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሳይክል ጣሪያ ላይ ሲኖር የግቢዬን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መሪው ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ሳየው አስታውሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነኝ። ለወንድሜ መጎተቻ ላይ የሚሰካውን መጫኛ ይዤለት ልመጣ ነው። ጥሩ ነው አይደል?

ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። መጎተቻ የምንለው ከመኪናው ኋላ ሥር ተጎታች የሚያያዝበትን ብረት ነው። ሳይክሉ ጎማው ላይ ቆሞ ይጓዛል፤ ፍሬሙን የሚነካው ነገር የለም፤ ማንሳቱም እስከ ጉልበት ነው።

ግን ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ወንድምሽ የመኪናውን ኋላ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። አሜሪካ የለመድሽው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ አንድ ከሩብ ኢንች ወይም ሁለት ኢንች። አውሮፓ የለመደው ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው። ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ከዚያ ብሶ ብዙ የአዲስ አበባ መኪና ሁለቱም የለውም። ያኔ መጫኛው ሳሎን ውስጥ ልብስ ማስጫ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ሳይክል ከሆነ ደግሞ ደምሪ። አንዱ 25 ኪሎ ቢሆን፣ ሁለቱ 50፤ መጫኛው ራሱ 18 ቢመዝን 68 ሆነ። መጎተቻው ወደ ታች የሚችለው 75 ኪሎ ከሆነ ብዙም አልቀረሽም። ባትሪዎቹን አውጥታችሁ መኪና ውስጥ ብታስገቡ ጥቂት ኪሎ ታተርፋላችሁ።

ጥያቄ፦ ብየዳ ቤት በቱቦላሬ አሠርቼ ፓራውልቱ ላይ ላስበይደው? በግማሽ ዋጋ ነው።

ፓራውልቱ ላይ አይሆንም። የአብዛኛው መኪና ፓራውልት ከላይ ፕላስቲክ ነው። ቻሲው ላይ በቡሎን የሚታሰር መጎተቻ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሠራው፣ ሌላ ነገር ነው። ብየዳ በአንድ ጊዜ አይሰበርም። በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይለቃል፤ ከኋላህ ደግሞ ሞተር ሳይክል ይኖራል።

ፒክአፕ ከሆነ ግን በያጁን ጥራው። ሃይሉክስ ጭነት ቦታ ውስጥ አንድ ወፍራም ጣውላ አጋድመህ የፎርክ ማሰሪያ ብትገጥምበት ለአራት ሳይክል ይበቃል። ወይም የፊት ጎማዎቹን በኋላው መዝጊያ ላይ አሻግረህ አንጠልጥላቸው፤ ሥሩ አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፍ።

ጥያቄ፦ ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ጣሪያው በሙሉ መስታወት ነው። የት ልጫን?

ይህ ጥያቄ ከሰባት ሰው መጣ። በ2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ገዢ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው።

መስታወት ጣሪያ ያለው ሁሉ አይጭንም ማለት አይደለም። የብረት እግሩ የሚያርፍባቸው ነጥቦች በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተዘጋጁላቸው አሉ፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። የሚወስነው የመኪናው መጽሐፍ ነው። በቻይንኛ ከሆነ በስልክህ ካሜራ ተርጉመው፤ የኪሎውን ቁጥር ማንበብ አያቅትህም። ነጥቦቹ ከሌሉ ሳይክሉን ውስጥ አስገባው። የእነዚህ መኪኖች ወለል ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይመቻል። በቀበቶ ከኋላ ልሰር ካልክ፣ በአዝራር የሚከፈተውን በር መጀመሪያ ከስክሪኑ አጥፋው። ሳይክል ታስሮበት ሞተሩ ሊከፍተው ሲታገል አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዳማው ፈጣን መንገድ በ100 ስትሄድ ጣሪያ ላይ ያለ ሳይክል ንፋሱን ይዋጋል። ባትሪው ከለመድከው ቶሎ ይወርዳል። መመለሻህን አስበህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ታርጋው ቢሸፈንስ?

አይሸፈን። ፍሬቻውና የፍሬኑ መብራትም። ብዙ ጊዜ የፊት ጎማውን መፍታት ወይም የሳይክሎቹን አቅጣጫ ማገላበጥ ይበቃል። አውሮፓ ላላችሁ፦ ጀርመን ታርጋው ከተሸፈነ መጫኛው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ታርጋ ከነመብራቱ ይፈለጋል። ጣሊያንና ስፔን ደግሞ ከኋላ ወጣ ላለ ጭነት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ሰሌዳ ያሠራሉ።

ጥያቄ፦ 64 ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። ጎረቤት ሳላስቸግር ብቻዬን የምጭንበት መላ አለ?

አለ ጋሼ። ጣሪያውን ይርሱት። መጎተቻ ያለው መኪና ካለዎት፣ ጎማ የሚያስቆመውን ዓይነት ይያዙ፤ አንዳንዶቹ ሳይክሉን እየገፉ የሚያወጡበት መወጣጫ አላቸው። ከሌለዎት የሳይክሉን ሁለቱንም ጎማ ፈትተው ከኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ፍሬሙ ብቻውን ሲሆን እንደ ሕፃን ነው የሚታቀፈው።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ መጫን መጥፎ ከሆነ ለምን የቱር ደ ፍራንስ ቡድኖች ሁሉ ጣሪያ ላይ ይጭናሉ?

መጥፎ አላልኩም! እነሱ መካኒኩ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ በሰከንዶች ውስጥ ሳይክል ማቀበል አለበት። መንገዱ ተዘግቶላቸዋል፤ ነዳጁን የሚከፍለው ሌላ ነው። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሳተፍ ከኋላው የነበረችው የቡድን መኪናም እንደዚያው ነበረች። የግቢ በር ግን አልነበረባትም።

ጥያቄ፦ ለቁርስ ስንቆም ይሰረቃል ብዬ እፈራለሁ።

ከመጫኛው ጋር የሚመጣው ቁልፍ የሚያዘገየው እንጂ የሚከለክለው አይደለም። ወፍራም ሰንሰለት በሳይክሎቹ ፍሬም ውስጥ አሳልፈህ ከመኪናው ብረት ጋር ቆልፍ። ከዚያ መኪናውን ከምትቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት አቁም።

ጥያቄ፦ ለዝናብና ለአቧራው በላስቲክ ልሸፍነው?

አትሸፍነው። ንፋስ ሲገባበት ጃንጥላ ይሆንና ቀበቶውን ያላላዋል። መቀመጫው ላይ ብቻ ፌስታል አጥልቅና ሁለት ጊዜ ቋጥረው። ካቴናውን ስትመለስ ጥረገው።