መድኃኒቱ ለጡቴ፣ መደንዘዙ ለእግሬ

ጥያቄ፦ ለጡት ካንሰር ፓክሊታክሴል በየሳምንቱ እየተሰጠኝ ነው። ከአምስተኛው ዙር በኋላ የሁለቱም እግሮቼ ጣቶች ደነዘዙ። በባዶ እግሬ ስቆም እንኳ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። መድኃኒቱ የሚያጠቃው የሚባዛ ሴል ነው ተብያለሁ፤ ነርቭ ደግሞ አይባዛም። ታዲያ ጣቶቼ ምን አጠፉ?

መልስ፦ ጥፋታቸው ሩቅ መሆናቸው ነው።

ከጣትዎ ስሜት የሚቀበለው የነርቭ ሴል ዋና አካሉ ያለው ወገብዎ ግድም፣ ከአከርካሪ አጥንት ጎን ነው። ከዚያ እስከ አውራ ጣትዎ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ክር ይዘረጋል። ጫፉ ላይ የሚያስፈልገው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው እላይ ስለሆነ ተጭኖ መውረድ አለበት። ተሸካሚው በ1985 ከስኩዊድ ነርቭ የተገኘው ካይኔሲን የተባለ ሞተር ፕሮቲን ነው። ሁለት እግር አለው (መጻሕፍቱ «ራስ» ይሉታል፤ የሚራመድበትን ነገር ራስ ማለት ግን አይዋጥልኝም)። አንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ሲሆን አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም አንድ የሴል ነዳጅ ሞለኪውል፣ ያስከፍለዋል። አንድ ሜትር ማለት እንግዲህ 125,000,000 እርምጃ ነው! ብቻውን ከሆነ አንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ያህል ሄዶ ይወድቃል፤ ጭነቱ የሚደርሰው ብዙዎቹ ተጋግዘው ነው።

የሚራመዱበት መንገድ ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ቱቦ፣ ማይክሮቱቡል ነው። ፓክሊታክሴል የሚይዘው ይህንኑ ቱቦ ነው። የካንሰር ሴል ለመከፈል ቱቦዎቹን እያፈረሰ እንደገና መሥራት ሲኖርበት፣ መድኃኒቱ እንዳይፈርሱ ያደርጋቸዋል፤ ሴሉም መሐል ላይ ተይዞ ይቀራል። ነርቭዎ ባይባዛም መንገዱ ያው ቱቦ ነው። መጓጓዣው ሲታወክ አስቀድሞ የሚጎዳው የረጅሙ መስመር ጫፍ ነው። ሌሎች የጉዳት መንገዶችም አሉ፤ ጣት የሚቀድምበትን ምክንያት ግን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቱ እንዳይቀነስባቸው ፈርተው መደንዘዙን ይደብቃሉ። እርስዎ ግን ከሚቀጥለው ዙር በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ማዘግየት የሚቻለው ጉዳቱ ሳይበረታ ነው። «ለነርቭ ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን አሴቲል ኤል ካርኒቲንም አይንኩ። በ2013 በታተመ ጥናት፣ እንደ ፓክሊታክሴል ያለ መድኃኒት በሚወስዱ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ መደንዘዙን አባብሶት ነበር። እስከዚያው ጫማዎን ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፤ የውሃን ሙቀትም በእግርዎ አይለኩ።