የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጤነኛ አይን ውስጥ የበሽታ መከላከያ ፕሮቲን ምን ይሰራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ 3ኛ አመት። ለፕረዘንቴሽን ስለ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የአይን ውስጠኛ ሽፋን) ሳነብ ሲ1ኪው የሚባለው ፕሮቲን ገና እያደገ ባለ ሬቲና ውስጥ ይገኛል የሚል አየሁና ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው ሲ1ኪው ባክቴሪያ ላይ ተለጥፎ "ይሄን ብሉት" ብሎ የሚያሳብቅ የኢሚዩን ሲስተም ፕሮቲን እንደሆነ ነው። አይን ደሞ ኢሚዩን ሲስተም እንደልቡ የማይገባበት ቦታ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ ኢንፌክሽን በሌለበት እዛ ምን ይሰራል?

መልስ፦ ወንድሜ ጥያቄህ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ብዙ ሰው እኮ ስሙን ሸምድዶ ያልፋል እንጂ "እዚ ምን ይሰራል" ብሎ አይቆምም። ሲ1ኪው እዛም የሚሰራው ያንኑ የምታውቀውን ስራ ነው፣ "ይሄን ብሉት" ነው የሚለው፣ ግን የሚለጠፈው ባክቴሪያ ላይ ሳይሆን ትርፍ የሆነ የነርቭ ግንኙነት ላይ ነው።

እንዴት መሰለህ፣ ሰውነት አይንን ሲገነባ ልክ በልኩ አይደለም የሚገነባው። ዘር አብዝተህ ትዘራና ሲበቅል የበዛውን ነቅለህ ታሳሳዋለህ አይደል፣ እንደዛ ነው። የሰው ፅንስ 16 እና 17 ሳምንት አካባቢ ሲደርስ ከአንዱ አይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉ፣ አዋቂ ሰው ላይ ግን የሚቀሩት 1 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ሄደ ማለት ነው። የቀሩት ክሮችም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ ግንኙነታቸው የተዘበራረቀ ነው፣ የቀኝ አይንና የግራ አይን ክሮች ታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለችው የእይታ ጣቢያ ላይ ተደበላልቀው ይደርሱና በኋላ ነው የየራሳቸውን ቦታ የሚይዙት።

የሚቆየውንና የሚሄደውን የሚለየው ምንድነው ካልከኝ፣ በአብዛኛው የነርቮቹ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ነው። የአይጥ ልጅ ስትወለድ አይኗ ዝግ ነው፣ የሚከፈተው 2 ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው፣ ግን አይኗ ሳይከፈት ምንም ብርሃን ሳታይ ሬቲናዋ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ የሚተኩስ ግንኙነት ይጠነክራል፣ ብቻውን የቀረው ይደክማል። እሺ ደካማውን ማን ያነሳዋል? ያንተ ፕሮቲን የሚመጣው እዚጋ ነው።

ታሪኩ ደሞ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ በ1998 የነርቭ ሳይንቲስቷ የካርላ ሻትዝ ላብራቶሪ በማደግ ላይ ያለ የድመት አንጎል ውስጥ የነርቭ እንቅስቃሴ ሲታገድ የትኞቹ ጂኖች እንደሚቀየሩ ሲፈልግ ኤምኤችሲ ክላስ 1 የሚባለውን የኢሚዩን ሞለኪውል አገኘ። ያኔ ጤነኛ የነርቭ ሴል ኤምኤችሲ የለውም ነበር የሚባለው። በ2000 ደሞ ኤምኤችሲ ክላስ 1 በደምብ የማይሰራባቸውን ወይም ሲዲ3-ዜታ የሚባለው የቲ-ሴል (የኢሚዩን ሴል አይነት ነው) ፕሮቲን የሌላቸውን አይጦች ሲያዩ ከአይን ወደ አንጎል የሚሄደው ግንኙነት ሳይጠራ ቀርቷል፣ ማሳሳቱ በደምብ አልተካሄደም። ከዛ በ2007 ተመራማሪዎቹ ቤት ስቲቨንስና ቤን ባረስ ሲ1ኪውንና አብሮት የሚሰራውን ሲ3ን ይዘው መጡ፣ የሬቲና ጋንግሊየን ሴሎች (ክራቸውን ከአይን ወደ አንጎል የሚልኩት ናቸው) አስትሮሳይት የሚባለው የነርቭ ደጋፊ ሴል አጠገባቸው ሲኖር ሲ1ኪው ማምረት እንደሚጀምሩ አሳዩ፣ ከሁለቱ ፕሮቲኖች አንዱ የሌላቸው አይጦች ላይ ደሞ ብዙ ትርፍ ግንኙነት ሳይነሳ ይቀራል። በ2012 በላተኛው ራሱ ታየ፣ ማይክሮግሊያ ነው፣ አንጎልና ሬቲና ውስጥ የሚኖር የኢሚዩን ሴል፣ ሲ3ን የሚያውቅ ተቀባይ አለው በሱ ይዞ ይውጠዋል፣ ከሁለቱ አይኖች የደከመውን አይን ግንኙነት ደሞ አብዝቶ ይበላል። አስትሮሳይቱ ለጋንግሊየን ሴሉ የሚልከው መልእክት ቲጂኤፍ-ቤታ እንደሆነ በ2013 ታወቀ፣ እሱም ሳይቶካይን ነው፣ የኢሚዩን ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን ማለት ነው። በ2018 ደሞ ተቃራኒው ተገኘ፣ ሲዲ47፣ "እኔን አትብሉኝ" የሚል ፕሮቲን፣ በደምብ የሚሰሩት ግንኙነቶች ላይ ይበዛል። ስለዚ አንዱ ያሳብቃል አንዱ ይከላከላል፣ ማይክሮግሊያው ሁለቱንም ሰምቶ ነው የሚወስነው።

ይሄ ሁሉ ታላመስ ላይ ነው፣ ሬቲናው ራሱስ ካልክ እዛም አለ። ሲዲ3-ዜታ የሌላቸው አይጦች ላይ የጋንግሊየን ሴሎቹ ቅርንጫፎች በትክክል አይደራጁም። ብርሃን ሲበራ የሚመልሱትና ሲጠፋ የሚመልሱት ሴሎች ቅርንጫፋቸውን በተለያየ ንብርብር ላይ መዘርጋት ነበረባቸው፣ ያ መለያየት ይጓደላል።

እኔ በአይኔ ያየሁትን ልንገርህ። የአይጥ ሬቲና ከአይን ወጥታ ስላይድ ላይ ስትዘረጋ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለሆነች አትተኛም፣ ዳሯ አራት ቦታ ይቀደዳል፣ ያኔ አራት ቅጠል ያላት አበባ ትመስላለች። ማይክሮግሊያውን አረንጓዴ፣ ጋንግሊየን ሴሉን ቀይ አድርገህ ትቀልማለህ። ከተወለደች ጥቂት ቀን የሆናት አይጥ ላይ ማይክሮግሊያው ድብልብል ያለ፣ እጁ አጭርና ወፍራም ነው፣ ፎከሱን ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ ስታወርደው አረንጓዴው ሆድ ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ ታያለህ። ያ የተበላው ነው። የአዋቂዋ ላይ ደሞ ያው ሴል ቀጭን ረጃጅም ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ከጎረቤቱ እኩል ተራርቆ፣ ሬቲናውን ሞልቶት ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከማይክሮስኮፑ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

አይን ኢሚዩን ሲስተም የማይገባበት ነው የተባልከው ውሸት አይደለም፣ የደም ስሮቹ ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ ከደም የሚመጡ ሴሎች እንደልባቸው አይገቡም ለማለት ነው። ማይክሮግሊያ ግን ከውጪ የገባ አይደለም፣ ገና ፅንስ እያለ ከዮክ ሳክ (ከፅንሱ ጋር የተያያዘ ከረጢት) ተነስቶ እዛው የሰፈረ ነው። የሚያሳስተን ስሙ ይመስለኛል። "የበሽታ መከላከያ" ስንል ወታደር ነው የሚታየን፣ እነዚ ሞለኪውሎች ግን መጀመሪያ የታወቁት በበሽታ መከላከል ስራቸው ስለሆነ ብቻ ነው ያ ስም የወጣላቸው። ፕረዘንቴሽንህ ላይ ግን አብዛኛው የታየው አይጥ ላይ እንደሆነ መናገር እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ ልጄ በ28 ሳምንቱ ነው የተወለደው። ከዛ ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ታክሞ ተሻለው እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ደሞ አይኑ መታየት አለበት፣ ኢንፌክሽኑም አይኑን ሊጎዳው ይችላል አሉኝ። ኢንፌክሽንና አይን ምን አገናኘው? የራሱ ኢሚዩን ነው አይኑን የሚያጠቃው? ኢሚዩን የሚጨምር ቫይታሚን ልስጠው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ተሻለው። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እባክሽ ሐኪሞቹ ያላዘዙትን ምንም ነገር አትስጪው።

የሬቲና የደም ስሮች ማደግ የሚጀምሩት 16 ሳምንት አካባቢ ከመሀል ነው፣ ዳር ድረስ የሚደርሱት 40 ሳምንት ሲሞላ ነው። በ28 የተወለደ ልጅ ዳሩ ገና ባዶ ነው። ማህፀን ውስጥ ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው፣ ውጪ ሲወጣ በአንዴ ይበዛበትና የስሮቹ እድገት ይቆማል። ሬቲናው ግን ማደጉን ስለማያቆም ሳምንታት ቆይቶ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ያኔ ቪኢጂኤፍ የሚባለውን "ስር አብቅሉልኝ" የሚል መልእክት ከልክ በላይ ይለቃል፣ የሚበቅሉት ስሮች ደሞ ያለቦታቸው ይሄዳሉ፣ ሲብስ ሬቲናውን ይስቡታል። ያለጊዜው የተወለዱ ልጆች የሬቲና በሽታ (አርኦፒ) የሚባለው ይሄ ነው።

ኢንፌክሽኑ የሚገባው እዚጋ ነው። ደም ውስጥ ኢንፌክሽን ሲኖር ሰውነት እንደ ቲኤንኤፍ-አልፋና አይኤል-6 ያሉ ሳይቶካይኖችን በብዛት ይለቃል። ማይክሮግሊያ ከሚበላው ሌላ አዲስ የሚያድጉትን የደም ስሮች ጫፍ ለጫፍ የሚያገናኝም ስለሆነ፣ በሳይቶካይን ጩኸት ሲረበሽ ስሮቹም ይረበሻሉ። ስለዚ የልጅሽ ኢሚዩን አይኑን ጠላት አድርጎት አይደለም፣ ስስ ግንባታ ላይ እያለ ለሌላ የተላከ መልእክት በዝቶ ስለደረሰው ነው። አንቺም ያጠፋሽው የለም።

የመጀመሪያው ምርመራ ለሱ አይነት ልጅ በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ነው፣ ከዛ ስሮቹ ዳር እስኪደርሱ አብዛኛውን ጊዜ በየ1 ወይ 2 ሳምንቱ ይደጋገማል። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉለታል፣ አይኑን የሚከፍት ትንሽ ሽቦ ያስገባሉ፣ ያለቅሳል፣ አንጀትሽ ይላወሳል አውቃለው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። አብዛኞቹ ልጆች ምንም ሳይታከሙ በሽታው በራሱ ይመለስላቸዋል። ህክምና የሚያስፈልገው ሲመጣ ግን ሌዘር ወይም ቪኢጂኤፍን የሚያግድ መርፌ ነው፣ በ72 ሰአት ውስጥ መደረግ አለበት ነው የሚባለው። አንድ ቀጠሮ አለፈ ማለት ያን ጊዜ ማጣት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ከሆስፒታል ከመውጣትሽ በፊት ቀጣዩን ቀጠሮ በፅሁፍ ተቀበዪ።

ጥያቄ፦ አባቴ ግላኮማ አለባቸው። ኮምፕሊመንትን የሚያግድ መድሀኒት ወጣ ሲባል ሰማሁ፣ ለሳቸው ይሆናል?

መልስ፦ የሰማኸው እውነት ነው፣ ግን ለሌላ በሽታ ነው። ኮምፕሊመንት ማለት ከላይ ያነሳናቸው እነ ሲ1ኪውና ሲ3 ያሉበት የፕሮቲን ቡድን ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሲ3ን ሌላው ሲ5ን የሚያግድ መርፌ ተፈቅዷል፣ ሁለቱም ከእድሜ ጋር ለሚመጣው ደረቅ የማኩላ (የሬቲና መሀል) በሽታ የከፋ ደረጃ ናቸው፣ ለግላኮማ አይደሉም። ሀሳቡ ግን ከየትም የመጣ አይደለም፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ በነገርኩት በ2007 ጥናት ላይ ግላኮማ ያለባቸው አይጦች ሬቲና ውስጥ ሲ1ኪው እንደገና ግንኙነቶቹ ላይ ታይቷል፣ በልጅነት የተዘጋው ማሳሳት በእርጅና የተከፈተ ያህል ነው። ለአባትህ ዛሬ ያለው የአይን ግፊትን መቀነስ ነው፣ የሞተ የነርቭ ክር ስለማይመለስ ጠብታው አንድ ቀን እንኳን እንዳይዘለል። አንተና ወንድም እህቶችህም ልጆቹ ስለሆናችሁ ከሌላው ሰው የበለጠ ለግላኮማ ተጋላጭ ናችሁ፣ ምንም ባያማችሁም የአይን ግፊታችሁንና የነርቩን ጫፍ ታዩ።