አባቴ ማሳውን ጦም ቢያሳድር መንግሥት ይከፍለዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከወንዶ ገነት በላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ሁለት ጥማድ የበቆሎ ማሳ አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስድበታል። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ «እዚህ ገበሬው መሬቱን እንዳያርስ መንግሥት ይከፍለዋል» ብሎ ነገረን። አባቴ ይህን ሰምቶ ዘንድሮ ሳያርስ ሊከርም ቆርጧል። ክፍያውን የምንጠይቀው የት ነው?
(ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድምዎ ያሉት እውነት ነው። አባትዎ ግን ከመወሰናቸው በፊት ይህን ያንብቡላቸው።

የአሜሪካው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። ባለመሬቱ በቀላሉ የሚሸረሸረውን ማሳ ከ10 እስከ 15 ዓመት ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ሊያለብሰው ይዋዋላል። መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል፤ የዘርና የችግኝ ወጪም ይጋራዋል። ኪራዩ የሚተመነው በአካባቢው የመሬት ኪራይና በአፈሩ ምርታማነት ነው። አንድ ሰው በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ አይከፈለውም። ውሉን ያፈረሰ ደግሞ የተቀበለውን ከነወለዱ ይመልሳል። መሬቱ የራሱ ስለሆነ ነው ኪራይ የሚጠይቀው።

እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አባትዎ ያላቸው የይዞታ መብት ነው፤ አፈሩን መንከባከብም ከመብቱ ጋር የመጣ ግዴታቸው ነው። «አትረስ» ተብሎ የሚከፈል ኪራይ የለም። ይልቁንም ያለ በቂ ምክንያት ጦም የሚያድር መሬት መብታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት እርከን ለሠራ ይከፍላል፤ ክፍያው ግን ለጉልበቱ ነው፣ ያውም የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች። ወላይታ ውስጥ የሁምቦ ገበሬዎች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው ደኑ ሲያገግም የካርቦን ገንዘብ (ዛፎቹ ከአየር ለሚይዙት ካርቦን የሚከፈል) አግኝተዋል። ገንዘቡ የገባው ግን ለገበሬዎቹ ማኅበራት ነው። ሁለት ጥማድ ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ባለፈው ሐምሌ ጥቁር ውኃ ድልድይ ላይ ቆሜ ከወንዶ ገነት በኩል ወርዶ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባውን ወንዝ አየሁት። መልኩ የምርጊት ጭቃ ነበር። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባው ደለል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ውስጥ የአባትዎም አፈር አለበት፤ ከእንግዲህም ከላይ ካልተያዘ ከታች የሚይዘው የለም።

ስለዚህ ማሳውን አይተዉት፤ አያያዙን ይለውጡት። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን በገመድና በውኃ ልክ እርከኑን እንዲቀይስላቸው ይጠይቁ። በዓይን ግምት የተሠራ እርከን አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ካለ ውኃው በዚያ ሰብሮ ቦረቦር ያወጣል። የእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ ሣር ይትከሉ። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ ታጭዶ ከብት ይቀለብበታል። ከተማችን ላም አርቢ ሞልቷታል፤ ሣር የሚያመጣላቸውን ሰው ይፈልጋሉ። ከሁሉም ይበልጥ ቁልቁል የሆነውን ክፍል እንሰትና ቡና ቢያለብሱት በየዓመቱ ማረሱ ይቀርላቸዋል። የሚያዋጣቸው ክፍያ ይህ ይመስለኛል።

ደሾውን ከጎረቤት ማግኘት ይቻላል። ጉቶውን ከነሥሩ ነቅለው ይገነጣጥሉት፤ ሥሩ ሳይደርቅ በዚያው ዕለት ይተከል፤ ዝናቡ ሳይበረታ።