ፋኖሱ ጠፋ፣ ሲኒው ተሰበረ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እንግሊዝኛ አትችልም። የ8 ዓመቷ ልጄ ደግሞ አማርኛዋ ከ«እሺ» እና ከ«እንቢ» ብዙም አያልፍም። አንድ እሁድ «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ከፍቼላቸው ወጥ ልሠራ ገባሁ። ስመለስ ሶፋው ላይ ተቃቅፈዋል፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። በሳምንቱ ደግሞ ልጄ ራሷ «ድገሚልን» አለችኝ። ባለቤቴ «የ60 ዓመት ፊልም፣ ያውም 3 ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው፣ ምን አግኝታችሁበት ነው?» ይላል። መልስ አጣሁለት። እውነት ምን አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽ የት ላይ እንዳለቀሱ ልገምት።

አባትየው፣ ካፒቴን ቮን ትራፕ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱን እንደ መርከብ ነው የሚያስተዳድረው። 7 ልጆቹን የሚጠራው በፊሽካ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ይሰለፋሉ። ማርያ የምትባለው ሞግዚት ይህንን አይሆንም ብላ ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ እሱም ያባርራታል። ወዲያው ከሳሎን የልጆቹን ዝማሬ ይሰማል። ይገባል፣ ቆሞ ያዳምጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እሱም ይቀበላቸዋል። ልጆቹ ዞር ብለው ያዩታል። ያ ፊታቸው! ሰውዬው «አጠፋሁ ልጆቼ» ብሎ ንግግር አላደረገም። ዘፈነ፣ አቀፋቸው፣ በቃ።

ይሄ እንግሊዝኛ ይፈልጋል? እናትሽ የእኔ ዕድሜ ከሆኑ ደግሞ ልምዱ አላቸው። እኛ ሂንዲ ሳናውቅ የህንድ ፊልም እያየን ዓይናችን አብጦ ከሲኒማ ቤት የወጣን ትውልድ ነን። እኔ መርካቶ ሲኒማ ራስ ከእህቴ ጋር ገብቼ አንድ ቃል ሳይገባኝ አልቅሻለሁ። ዘፈኑ ሲመጣ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን እንደተበደለ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር።

ባለቤትሽ ሊያዩልኝ የምፈልገው የ«ዶ ሬ ሚ»ን ዘፈን ነው። ሲጀምር ልጆቹ ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ መዝሙር እንኳ አያውቁም። ማርያ ጊታሯን ይዛ ከሙዚቃው ፊደል፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ እየተባሉ ከሚጠሩት 7 ድምፆች ትነሳለች። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ቦታው ይለዋወጣል፣ ልብሳቸው ይለዋወጣል፣ የሳልዝበርግን ከተማ ያዳርሳሉ፤ ሚራቤል የአትክልት ቦታ ደረጃ ላይ ሲጨርሱት መዘምራን ሆነዋል። በአንድ ዘፈን ውስጥ የብዙ ቀን ትምህርት አለፈ። በንግግር ቢሆን ይህን ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ያውም እየደበረን። ያረጁ ሙዚቃዊ ፊልሞች ውስጥ እስከ ዛሬ የሚታዩት ዘፈኑ እንዲህ ሥራ የተሰጠው ናቸው። ታሪኩን አቁሞ ለጌጥ የሚዘፈንባቸውንማ ማን ያስታውሳቸዋል?

ስለዚህ ዘፈን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። 22 ዓመት ሙዚቃ ሳስተምር መሣሪያዬ ነበር። ግጥሙ በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ስለሆነ ቢተረጎም ይሞታል። ስለዚህ የራሴን ሠራሁ፦ ዶ ዶሮ፣ ሬ ሬት፣ ሚ ሚዶ፣ ፋ ፋኖስ፣ ሶ ሶፋ፣ ላ ላም፣ ሲ ሲኒ። ሬት ላይ ሲደርሱ ሁሉም ፊቱን ያጨማድዳል። ሶ ላይ በጣም ተቸግሬ ነው በሶፋ የታረቅኩት። ግን የግጥሙ ባለቤት ኦስካር ሐመርስታይንም ተቸግሯል። ለ«ላ» የሚሆን ነገር ሲያጣ «ከሶ ቀጥላ የምትመጣ ድምፅ» ብሎ አልፏታል። እኛ እንኳ ላም አለችን!

ችግሩ ሌላ ቦታ መጣ። የእኛ ልጆች ጆሮ ያደገው በቅኝት ነው። ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት 5 ድምፅ ብቻ ነው ያለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ስለዚህ ዶሮ፣ ሬት፣ ሚዶ ብለው አሳምረው ይወጡና ፋኖስ ላይ ይንሸራተታሉ። ግማሹ ሚ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ሶ ላይ ይዘላል። «ፋኖሱ ጠፋ!» እላቸው ነበር። ሲ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ሲኒው ተሰበረ!» ይሳቃል፣ እንደገና ይጀመራል። የሪቻርድ ሮጀርስ ዜማ ግን ልጅን አይጥልም። እያንዳንዱ ስንኝ የሚነሳው በስሙ ከተጠራው ድምፅ ላይ ነው። የ«ፋ» ስንኝ ፋ ላይ ይነሳል፣ የ«ሲ» ስንኝ ሲ ላይ። ልጁ ሳያስበው መሰላሉን ይወጣል። ወር ሳይሞላ ፋኖሱ ይበራል። ቀላል የሚመስል ዜማ መሥራት እንዴት ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ልጅሽ «ድገሚልን» ያለችሽ መዝፈን ስለቻለች ነው። የሚያስደንቅ ዘፈን ሰምቶ ማጨብጨብ አለ፤ ይሄኛው ግን በማግስቱ ጥርስ እየተፋቀ ይዘፈናል።

ባለቤትሽ ስኳር በዝቶበታል ካሉ አልከራከርም። ካፒቴኑን ሆኖ የተጫወተው ክሪስቶፈር ፕላመር ራሱ ለዓመታት ሲያፌዝበት ኖሯል። (በነገራችን ላይ የዘፈነውም እሱ አይደለም፤ ድምፁ ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው።) ግን የመጨረሻውን ክፍል ቁጭ ብለው ይዩት። ናዚዎች ኦስትሪያን ይይዛሉ። መጀመሪያ ላይ ለትልቋ ልጅ እየዘፈነላት የነበረው መልእክተኛ ልጅ በኋላ ዩኒፎርም ለብሶ ቤተሰቡን አሳልፎ ይሰጣል። አባትየው መድረክ ላይ ስለ አንዲት ነጭ የተራራ አበባ ሲዘፍን ድምፁ ይቆረጣል፤ ማርያ ትደርስለታለች፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ያነሳዋል። በዚያው ሌሊት አገር ጥለው ይወጣሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻ ይሄንን እኔ ላብራራ?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ታሪኩ እውነተኛ ነው ወይስ ፈጠራ? ያ የአበባው ዘፈንስ የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር ነው የሚባለው እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው። ማርያ ወደዚያ ቤት የገባችው ግን የ7ቱም ሞግዚት ሆና ሳይሆን ለታመመች አንዲት ልጅ አስተማሪ ሆና ነው። ካፒቴኑን ያገባችው እ.ኤ.አ. በ1927 ሲሆን አገር የለቀቁት በ1938 ነው፤ ማለትም ከ11 ዓመት በኋላ። ያኔ የራሷንም ልጆች ወልዳለች። ፊልሙ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አጣጥፎታል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንደሚታየው ተራራ ተሻግረውም አልጠፉም። በባቡር ወደ ጣሊያን ነው የሄዱት። ከሳልዝበርግ ያንን ተራራ ቢሻገሩ የሚገቡት ጀርመን ነበር፤ እሳት ሽሽት ረመጥ! ኋላ አሜሪካ ገብተው እየዞሩ ዘመሩ፣ ስቶው፣ ቨርሞንት ላይም ቤት ሠሩ። ልጆቹ ሲናገሩ እውነተኛው አባታቸው ሙዚቃ የሚወድ፣ ገር ሰው ነበር። ፊሽካው ግን እውነት ነው።

ዘፈኑ ብሔራዊ መዝሙር አይደለም፤ የሕዝብ ዜማም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ ለታየው የመድረክ ድርሰት ነው የተጻፈው። ሐመርስታይን በካንሰር ታሞ ሳለ የጻፈው የመጨረሻ ግጥሙ ነው። በ1960 አረፈ፤ በ1965 የወጣውን ፊልም አላየውም። ብዙ ኦስትሪያዊ ደግሞ ይህን ፊልም ጭራሽ አያውቀውም።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፤ 10 ደቂቃ መቀመጥ አይችልም። ከየትኛው ልጀምርለት? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ከ«ሜሪ ፖፒንስ» ጀምሪለት። እ.ኤ.አ. የ1964 ሥራ ነው፤ ሞግዚቷ ማርያን ሆና የተጫወተችው ያችው ጁሊ አንድሩስ ናት፣ የኦስካር ሽልማትም ያገኘችው በዚህኛው ነው። ሰው ከካርቱን ፔንግዊን ጋር ሲጨፍር ማየት ለ5 ዓመት ልጅ ይበቃዋል። የ1939ኙን «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ትንሽ አቆዪው። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ዓለሙ በቀለም ሲሞላ ማየት ደስ ይላል፤ ግን የሚበርሩት ጦጣዎች ሌሊት ያስነሱታል። የእኔን የወንድም ልጅ አስነስተዋል፣ ወቀሳውም ለእኔ ደርሶኛል።

«ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ስታሳዪው ለሁለት ቀን ክፈይው። ድሮ ሲኒማ ቤት ሲታይ ራሱ እረፍት ነበረው፤ ማርያ ሻንጣዋን ይዛ ከቤቱ ሹልክ ስትል ነው የሚቆመው። እዚያ ላይ አጥፊና እራቱን ስጪው። እየዞረ፣ እየዘለለ ካየም ተይው፤ ጆሮው እየሰማ ነው።

ለ«ሶ» ከሶፋ የተሻለ ቃል ያገኛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ጡረታ ብወጣም ነገሩ አልለቀቀኝም።