የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጅራት የሚናከሱ አሳማዎችና የገብስ ጭድ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የአሳማ እርባታ ውስጥ እንስሳቱን የምመግብና የምከታተል ሠራተኛ ነኝ። ሥጋው የሚሄደው አዲስ አበባ ላሉ ሆቴሎች ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በየጠዋቱ በውሃ እናጥበዋለን፣ በላዩ የምንጎዘጉዘው ነገር ግን የለም። ከኅዳር ወር ጀምሮ በሁለት ክፍሎች ውስጥ ያሉ ታዳጊ አሳማዎች እርስ በርሳቸው ጅራት መናከስ ጀምረዋል፤ ሦስቱ ክፉኛ ቆስለዋል። የእርባታው ባለቤት አንድ አሮጌ የመኪና ጎማና ሁለት የፕላስቲክ ኳሶች አስገብተውላቸው ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ዞር ብለው የሚያዩአቸው እንኳ አልተገኙም። ጭድ እንግዛ ብዬ ሳማክራቸው «የገብስ ጭድ ለከብት ጠፍቶ ለአሳማ መርገጫ አላደርገውም» አሉኝ። ይልቁንም ከእንግዲህ የሚወለዱትን ግልገሎች ጅራት ገና በጨቅላነታቸው እንድቆርጥ ይፈልጋሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ከሰጋቱራና ከጭድስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤቱን ቅሬታ እንረዳዋለን። በሰሜን ሸዋ ደጋ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ የቤት ጭቃ ማቡኪያ ነው፤ ከአውድማ ወጥቶ ከተከመረ በኋላ ገበሬው ከእህሉ ባላነሰ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ የጻፉልን ችግር በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚያ ባዶ ሲሚንቶ በመሆኑ፣ ጭዱን ሙሉ በሙሉ ሸሽቶ መፍትሔ ማግኘት ይከብዳል።

አሳማ በአፍንጫው የሚኖር እንስሳ ነው። አፈር ይምሳል፣ ሥር ይነቅላል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ይህንንም የሚያደርገው ሲርበው ብቻ ሳይሆን ጠግቦም ነው። በስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእርባታ አሳማዎችን ዛፍና ሣር ወዳለበት ሰፊ ግቢ ለቀው በተከታተሉ ጊዜ፣ እንስሳቱ መኖ እየተሰጣቸውም እንኳ ከቀኑ ብርሃን ግማሽ ያህሉን መሬት በመማስና ሣር በመጋጥ ሲያሳልፉት ተመልክተዋል። እርስዎ ዘንድ ደግሞ ይህ ሁሉ ፍላጎት በአራት ግድግዳ መካከል ታጥሮ ይውላል፤ በክፍሉ ውስጥ ለስለስ ያለ፣ የሚንቀሳቀስና ለጥርስ የሚመች ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የባልንጀራ ጅራትና ጆሮ ብቻ ነው። ደም አንዴ ከታየ ወዲያ ሌሎቹም ወደ ቁስሉ ስለሚሳቡ፣ በአንዱ የተጀመረው ንክሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ የክፍሉ ሁሉ ይሆናል።

ኳሱና ጎማው ለምን እንደተናቁ ለማወቅ ወደ ክፍሉ ገብቶ ማየት ይበቃል፦ ኳሱ በፍግ ተለውሶ ማዕዘን ላይ ተጥሏል። አሳማ በሽንትና በፍግ የረከሰ ዕቃ አይወድም፤ ደግሞም ነክሶት የማይቀደድ፣ ገፍቶት መልኩን የማይለውጥ ነገር ቶሎ ይሰለቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሳማ እርባታ መመሪያ እንስሳቱ የሚመረምሩትና የሚያገላብጡት ነገር ዘወትር በበቂ መጠን እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ በምሳሌነት ከሚጠቅሳቸው መካከልም ጭድ፣ ድርቆሽ፣ እንጨትና ሰጋቱራ ይገኙበታል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፈጻጸም ምክር ደግሞ መለኪያውን አብራርቶታል፦ ነገሩ ቢቻል የሚበላ፣ የሚታኘክ፣ በአፍንጫ የሚፈተሽና ቅርጹ ወይም ቦታው የሚለዋወጥ ይሁን ይላል። ኳስ ከእነዚህ የሚያሟላው ቢበዛ አንዱን ነው። ጎማውን ግን ዛሬውኑ ያውጡት፤ ውስጡ የብረት ሽቦ ስላለው ሲታኘክ አፍ ያቆስላል፣ ቢዋጥም አደገኛ ነው።

ወደ ጭዱ መጠን እንምጣ፤ የባለቤቱም ሥጋት ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ክፍሉን እስከ ጉልበት መሙላት አይጠበቅብዎትም። በዴንማርክ የተደረገ አንድ ጥናት በማደግ ላይ ያለ አሳማ የመመርመር ፍላጎቱ የሚረካው በቀን 400 ግራም ገደማ ጭድ ሲያገኝ እንደሆነ አመልክቷል፤ ይህም ለአሥር አሳማዎች በቀን 4 ኪሎ ማለት ነው። ያን ያህል ባይገኝ እንኳ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጭብጥ አዲስ ጭድ በንጹሑ ወለል ላይ መበተን፣ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ትልቅ እቅፍ አፍስሶ ከመተው ይልቅ እጅግ ይጠቅማል። አሳማውን የሚስበው አዲስነቱ ነውና። ጭዱ ከወለሉ ከመድረሱ አፍንጫቸውን ከሥሩ ሰድደው ሲያበጥሩት፣ በመካከሉ የቀረች የገብስ ፍሬ ሲለቅሙ ያያሉ። ለባለቤቱም አንድ የሚሉት ነገር አለዎት፦ ሽንት የጠጣው ጭድ ከፍጉ ጋር ተከምሮ ሲበስል ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ጎረቤት ገበሬዎች የአሳማ ፍግ ከማሳችን አይድረስ ቢሉ በእርባታው ግቢ ለሚተከል ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ በዚህ ጉዳይ ከሰው ጋር መከራከር አያስፈልግም።

ሁሉም ጭድ ግን እኩል አይደለም። በበጋው አውድማ፣ በታኅሣሥና በጥር የተወቃውን ይምረጡ። የበልግ ገብስ የሚታጨደው ክረምቱ ሲገባ በመሆኑ ጭዱ ብዙ ጊዜ እርጥበት እንደያዘ ይከመራል፤ ክምሩ ሲከፈት ሽታው የሻገተ፣ ውስጡ የጠቆረ ወይም ወደ ሮዝ ያደላ ከሆነ በምንም ዋጋ አይግዙት። በእህልና በጭድ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች የሴት አሳማን ብልት የሚያሳብጥና የመራቢያ ዑደቷን የሚያዛባ መርዝ ያመርታሉ። የገብስ ጭድ ሹል ጢሙ ዓይንና ድድ ስለሚወጋ፣ እንደተገኘው ከመበተን ይልቅ አራግፎ መስጠት ይሻላል፤ የስንዴ ጭድ ከተገኘ በዚህ ረገድ ይመረጣል። በበሬ የተወቃ ጭድ አጭርና አቧራማ ስለሆነ ለመላስና ለመልቀም እንጂ ለመውለጃ ጎጆ አይመችም። እናት አሳማ ከመውለዷ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ በአፏ እየተሸከመች ጎጆ ለመሥራት ትጣደፋለችና፣ ያን ጊዜ ረጅም ድርቆሽ ወይም የቃጫ ጆንያ ይስጧት። የመንዝ ጓሳ ለዚህ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ጓሳው በማኅበረሰቡ ደንብ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ አጨዳ በተፈቀደበት ወቅት የታጨደውን ካልሆነ በቀር አትንኩት። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ደግሞ ክሩ ተተርትሮ ስለሚዋጥ ፈጽሞ አይሆንም።

ሰጋቱራን በተመለከተ፣ እርጥበት በመምጠጥና ወለሉን በማለስለስ ከጭድ አያንስም፤ አሳማውን ሥራ በማስያዝ ረገድ ግን ያንሳል። ስለዚህ ሰጋቱራን ለመኝታ፣ ጭድን ለሥራ ብታደርጉ ወጪው ይቀላል። ከእንጨት ቤት ሲገዙ ቺፑድና ቀለም የተቀባ እንጨት ያልተቀላቀለበት፣ እንደ ዱቄት ያልደቀቀ መሆኑን በእጅዎ ዘግነው ያረጋግጡ። ልጣጩ ያልተነሣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ በገመድ አስረው በትከሻቸው ቁመት ቢያንጠለጥሉም ያኝኩታል፤ በኬሚካል የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ግን መርዝ ነው።

ብርዱን ደግሞ አይርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ሲሚንቶ በውሃ አጥቦ አሳማን በላዩ ማስተኛት ለጅራት መናከሱም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ብርድና ነፋስ የመታው አሳማ ይበሳጫልና። ማታ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል ማለት ነው። የመኝታውን ግማሽ ደረቅ አድርገው ይጎዝጉዙ፣ በውሃ የሚታጠበውን የፍጉን ወገን ብቻ ያድርጉ፣ በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ይዝጉ። አዲስ የተወለዱ ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚፈልጉ፣ ጭድ የተነጠፈበት የተከለለ ማዕዘንና ከላዩ መብራት ያስፈልጋቸዋል፤ መብራቱ በሽቦ ተጠፍሮ ይታሰር፣ ጭድ ላይ ቢወድቅ የሚነደው ቤቱ ነው።

ለጊዜው የቆሰሉትን ሦስቱን ለይተው ያክሙ፤ ነካሹ ከታወቀም እርሱን ያውጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጅራት ይመልከቱ፦ ተጠቅልሎ የሚቆም ጅራት የደኅና ነው፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ወይም በእግር መካከል የተወሸቀ ጅራት ደግሞ ንክሻው ከመታየቱ በፊት የሚመጣ ምልክት ነው። የመመገቢያው ቦታ ጠቦ ይጋፉ እንደሆነ፣ ወደ ክፍሉ ሲገቡ የሽንቱ ሽታ ዓይንዎን ይቆጠቁጥ እንደሆነም ይፈትሹ። ጅራት መቁረጥን በልማድ ማድረግ በአውሮፓ ኅብረት የተከለከለ ሲሆን፣ ስዊድንና ፊንላንድ ጨርሰው አግደውታል፤ በእኛ አስተያየትም መቁረጡ ምልክቱን ይሰውራል እንጂ ሥራ ፈትነቱን አያስቀርም፤ ጅራት ያጣ ነካሽ ወደ ጆሮ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። መድኃኒት የሌለው የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ በአገራችን ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቢሾፍቱና በባሕር ዳር አሳማዎች ላይ መገኘቱ ተረጋግጧል። በሽታው ሰውን አይዝም፤ ከርከሮ ግን ሳይታመም ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ ከርከሮ ከሚውልበት ቆላ የመጣ ጭድ ከሆነ፣ የዱር እንስሳ በማይደርስበት መጋዘን 90 ቀን ሳይቆይ አይጎዝጎዝ። ሥጋውን የሚያደርሰው መኪና ከሆቴል ትርፍራፊ ይዞ የሚመለስ ከሆነም ይህን ልማድ ዛሬውኑ ያስቁሙ።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ጥቂት አሳማዎች አረባለሁ። ለምቾታቸው ብዬ የማሽላ አገዳ አወፍሬ አነጠፍሁላቸው፤ እነርሱ ግን እየገፉ ባዶው ወለል ላይ ይተኛሉ፣ በሽንታቸውም ይንከባለላሉ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጥፋትዎ የደጋውን ምክር ቆላ ማውረድዎ ነው። አሳማ ላብ አውጥቶ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ሞቃት አገር ሰውነቱን የሚያበርደው ቀዝቃዛ ወለል ላይ በመዘርጋትና ገላውን በማርጠብ ነው። ወፍራም ጉዝጓዝ ደግሞ ፍግና ሽንት ሲገባበት እየበሰለ ከሥር ሙቀት ያመነጫል። አገዳውን ያንሡትና ጥቂቱን ብቻ ቆራርጠው እንዲያኝኩት በየቀኑ ይስጧቸው፤ ደረቅ አገዳ ይሁን እንጂ፣ ለጋው የማሽላ ቡቃያ መርዝ እንዳለው ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል። ከዳስ ጥላ ሥር ንጹሕ ውሃ የሚረጭበት አንድ ማዕዘን ያዘጋጁላቸው። አሳማ የሚተኛበትንና የሚጸዳዳበትን ቦታ በራሱ ስለሚለይ፣ ያን ማዕዘን ከመመገቢያው በተቃራኒ ወገን ካደረጉት የቀረው ወለል ደረቅ ይቆይልዎታል።