ዓሣው ማለዳ ከሞተ ውኃው መለካት ያለበት ጎህ ሳይቀድ ነው

ጥያቄ፦ «በአንዲት ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ፍሳሹ ሦስት ተከታታይ ኩሬዎችን አልፎ ወንዝ ይገባል። ቀትር ላይ መውጫው ዘንድ ስንለካ ኦክስጅኑ በቂ ነው። ነገር ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማለዳ ላይ የሞተ ዓሣ ይገኛል። ሁለተኛው ኩሬም ሰሞኑን ቀላ ብሏል። ክሎሪን ብንጨምርበት ይሻል ይሆን?»

ክሎሪኑን ይተዉት። አብዛኛው ከቆሻሻውና ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ ያልቃል፤ የሚተርፈው ደግሞ ራሱ ዓሣ ይገድላል። ምልክቶቹ ሁሉ የሚያሳዩት ወንዙ ኦክስጅን እንደጎደለው ነው፤ ክሎሪን ይህን አይሞላም።

ቀትር ላይ የለካችሁት የፀሐይን ሥራ ነው። በኩሬው ውስጥ ያለው አልጌ፣ ማለትም ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ተክል መሰል ነገር፣ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል፣ ያመረተውንም መልሶ ይጠቀማል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ለኩ፤ መጀመሪያ ከመውጫው በላይ ባለው ወንዝ፣ ከዚያ መውጫው ላይ፣ ከዚያም በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ እየወረዳችሁ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ4 ሲወርድ ብዙ ዓሦች ይጨነቃሉ። ጉዳቱ እናንተ ደጃፍ ሳይሆን ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ መታየቱም የሚጠበቅ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን እየበሉ ኦክስጅኑን የሚጨርሱት ከውኃው ጋር እየተጓዙ ነውና፣ ዝቅተኛው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከመውጫው ወዲያ ነው።

የኩሬው መቅላት ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገር ምልክት ነው። አረንጓዴ መሆን የነበረበት ሁለተኛው ኩሬ ሲቀላ፣ በሰልፋይድ፣ ማለትም ኦክስጅን ባጣ ቆሻሻ ውስጥ በሚፈጠር የድኝ ውህድ፣ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አልጌውን ተክተውታል ማለት ነው። ከአቅሙ በላይ ቆሻሻ እየገባበት ነው። ያ ቆሻሻ ደግሞ የሚመጣው ከመጀመሪያው ኩሬ ነው፤ እኔ ብሆን ጥርጣሬዬን እዚያ ታች በተከማቸው ዝቃጭ ላይ አደርጋለሁ።

ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በረጅም እንጨት ላይ ነጭ ፎጣ ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱትና ጥቂት ቆይታችሁ በዝግታ አውጡት። ጥቁር የሆነው የፎጣው ክፍል የዝቃጩ ጥልቀት ነው። በጀልባ ሆናችሁ ብዙ ቦታ ላይ ድገሙት፤ መግቢያው አካባቢ ብቻ ለክቶ መደምደም ያሳስታል። ዝቃጩ የኩሬውን ይዘት አንድ ሦስተኛ ከያዘ የማውጫው ጊዜ ደርሷል። 6,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ በቀን 300 ቢገባበት ውኃው 20 ቀን ይቆያል፤ 2,000ው ዝቃጭ ከሆነ ግን የሚቆየው 13 ቀን ብቻ ነው።

ውኃው አቋራጭ መንገድ አግኝቶም ሊሆን ይችላል። መግቢያው ላይ ጥቂት ብርቱካን ጣሉና ተከተሉት። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ ብዙም አይገፋውም። በሰዓታት ውስጥ መውጫው ላይ ከደረሰ፣ ሸራ ወይም ጣውላ በውኃው መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ አቁማችሁ ጉዞውን አጠማዝዙት። የመውጫውንም አፍ ተመልከቱ፤ ከላይኛው የውኃ ንጣፍ የሚቀዳ ከሆነ አልጌውን ራሱን ወደ ወንዝ እየላካችሁ ነው፤ ከአልጌው ንጣፍ በታች፣ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

ዝቃጩን ስታወጡ አደራ፣ ማንም ብቻውን አይሥራ። ሲናወጥ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰው ይጥላል፤ ሽታው ጠፋ ማለትም ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛልና። ዝቃጩ የሆድ ትላትል እንቁላል ስለሚይዝ ጓንትና ቦት ጫማ ግድ ነው፤ ወደ ማድረቂያ መደብ እንጂ ወደ ወንዙ ፈጽሞ አይሂድ። ሁሉንም ጠርጋችሁ አታውጡ፤ ባክቴሪያዎቹ እንደገና እንዲራቡ ጥቂት ይቅር። ሥራው ካለቀ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት በዚያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት መለካታችሁን ቀጥሉ፤ ሁለተኛው ኩሬ ወደ አረንጓዴነቱ ሲመለስ ቁጥሩም አብሮ መውጣት አለበት።