«ሀሳቡን ከየት አመጣሽው?» ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ

ሰላም እህቴ፣ የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። ግራፊክ ዲዛይን 3ኛ ዓመት ነሽ፣ ለኢንተርንሺፕ ኢንተርቪው ገብተሽ የሰራሽውን የቡና ሎጎ እያዩ «ሀሳቡን ከየት አመጣሽው?» ሲሉሽ ዝም አልሽ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ደግሞ «ፈጠራ የለኝም ማለት ነው፣ ፊልድ ልቀይር እንዴ» እያልሽ ነው። ፊልድ አትቀይሪ። ራስሽ እንደነገርሽኝ ስራ ሲሰጥሽ መጀመሪያ የሰው ዲዛይን የሚታይባቸውን ድረ ገጾች፣ ፒንተረስትን ከዛ ቢሃንስን ትከፍቻለሽ፣ ከዛ በቀጥታ መሳያ ፕሮግራሙን ኢላስትሬተርን። የተያዝሽው እዛ ጋ ነው።

ምን መሰለሽ፣ እዛ የምታዪው ሁሉ ያለቀ ስራ ነው፣ ሰውየው ምን አስቸግሮት እንደነበረ፣ ምን ሞክሮ ምን እንደጣለ አይታይም፣ ስለዚህ መልኩን ብቻ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ስትጠየቂ ደግሞ መልክ አፍ የለውም። እኔ የተማሪ ፖርትፎሊዮ ብዙ አያለሁ፣ የአምስት ልጆች ስራ አንድ ልጅ የሰራው እስኪመስል ይመሳሰልብኛል፣ ምክንያቱም ሁሉም ያንኑ ቃል ሰርች አድርገው ያንኑ ነገር ነው ያዩት።

አዲስ አበባ ስለሆንሽ አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ሂጂና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምን እዪ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ስታዪ ግን እንደ ጎብኚ አትዪ፣ እንደ ዲዛይነር እዪ። የብራና መጽሐፍ ስታገኚ ቀረብ በዪ፣ ጸሐፊው ሳይጽፍ በፊት ብራናውን በወስፌ በስቶ መስመር አስምሮበታል፣ አንቺ ክላስ ውስጥ ግሪድ የምትዪው ማለት ነው። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፣ ርዕስና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀይ ይሆናል። ቦልድ የለ ምን የለ፣ በሁለት ቀለም ብቻ ዓይንሽን ወደፈለገው ቦታ ይወስደዋል። ክታብም እዪ፣ ረጅም ጠባብ ብራና ነው፣ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር የሚሰራው፣ ማለት የብራናውን መጠን የሚወስነው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ይሄን አስቢው እስቲ፣ ለአንድ ፓኬጂንግ ስራ ብቻ ስንት ሀሳብ ይወጣዋል!

እዚህ ላይ ግን አደራ፣ ከሙዚየም ወጥተሽ ሐረጉን፣ የብራናውን ጌጥ ማለቴ ነው፣ ኮፒ አድርገሽ ሎጎ ጥግ ላይ እንዳትለጥፊው። ለጁስ ቤቱም ለክሊኒኩም ለባንኩም ጥለት ማድረግ «ኢትዮጵያዊ ዲዛይን» እየተባለ ነው፣ እኔን በጣም ያሳዝነኛል፣ ከፒንተረስት መቅዳትና ከነጠላ ጠርዝ መቅዳት ለኔ ያው ነው። የምትወስጂው ሰዎቹ ያሰቡበትን መንገድ ነው።

ሀሳብ ሩቅ እንዳልሆነ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስሽ። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሀገሪቱን ቱሪዝም ሲያስጀምሩ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን ይዘው መጡ፣ ከዛ በኋላ ለአስርት ዓመታት ፖስተር ላይ የኖረው እሱ ነው። ከየት አመጡት? ጳጉሜን ሁላችንም እናውቃታለን፣ ካላንደሩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እሳቸው ግን አብዛኛው ዓለም እንደሌለው አዩ።

ፊደላችን ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስራ የምታገኚበት በር እሱ ይመስለኛል። ሰዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ አሜሪካ ኖሮም የስዕሉ መሰረት ያደረገው ፊደልን ነው፣ ፊደል ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ ስዕል ሲሆን ታያለሽ። አንቺ ግን ሰፈርሽ ውስጥም አለልሽ፣ በእጅ የተጻፉ የጸጉር ቤት፣ የጋራዥ፣ የሱቅ ታፔላዎችን ፎቶ አንሺ፣ ቆርቆሮው ሲያልቅበት ጸሐፊው «ጨ»ን እንዴት እንዳጠበባት፣ «ው»ን ምን እንዳደረጋት እዪ። የአማርኛ ፎንት ልስራ ያለ ሰው 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ይጠብቀዋል፣ እንደ «ሏ» ያለውን ዲቃላ ሳንጨምር፣ ላቲኑ 26 ነው፣ ትልቅና ትንሹ ተደምሮ 52፣ ስለዚህ ብዙ ዲዛይነር ይሸሸዋል፣ የእንግሊዝኛውን ሎጎ አሳምሮ አማርኛውን ያገኘው ፎንት ላይ ጎትቶ ያስቀምጠዋል። ክላየንት ደግሞ ሁለቱ እኩል እንዲያምሩለት ነው የሚፈልገው። ለአንድ ስም የሚሆኑ አራት አምስት ፊደላትን በእጅሽ መሳል ከቻልሽ እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ አንቺን ነው የምጠራው።

ስልክሽ ላይ አንድ አልበም ክፈቺ፣ ያየሽውን ፎቶ አንሺ፣ ከስሩ «ይሄ ምን ችግር ፈታ?» ለሚለው በአንድ መስመር መልስ ጻፊ። ፒንተረስትን ተዪው አልልሽም፣ ወረቀት ላይ 10 ስኬች ሳትጨርሺ ግን አትክፈቺው። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ስራ ፎቶውን፣ ስኬቹን፣ የጣልሽውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጊ፣ ያኔ ጥያቄው ሲመጣ ገጹን እያሳየሽ ታወሪያለሽ።

አሁን ያንን የቡና ሎጎ እንደገና ስሪው። የሰራሽው ጀበና ከነእንፋሎቱ ነው፣ እሱን እርሺውና ቡና የሚፈላበት ቤት ሄደሽ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በዪ፣ ኮምፒውተር ሳትይዢ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም ጣዕማቸው ይለያያል፣ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፣ ይሄ በቀለምና በመስመር ውፍረት ምን ይሆናል? ሦስት ዓይነት ፓኬት ይሆናል? ስኬቹን በእርሳስ ሰርተሽ እስከ ሳምንት ላኪልኝ፣ ያላማረሽንም ጨምረሽ።